ቻርሊ ፕራይድ በዚያ ዘመን እንዴት የካንትሪ ኮከብ ሊሆን ቻለ?

ሰሊ_ዜማ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ አለችኝ። ካንትሪ ሙዚቃ በጣም እወዳለሁ። ዶሊ ፓርተንን፣ ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ጂም ሪቭስን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሰሞኑን ግን ዩቲዩብ በራሱ መርጦ አንድ የማላውቀው ድምፅ አመጣልኝ። ወፍራም፣ የረጋ፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ የሚሰማ የወንድ ድምፅ። ቻርሊ ፕራይድ ይላል። ቪዲዮውን ሳየው ዘፋኙ ጥቁር ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጊታሩን ደረቱ ላይ አድርጓል፣ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ ነጭ ብቻ።

ቀረጻው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ምግብ ቤት ገብተው በመቀመጣቸው የሚደበደቡበት ዘመን ገና ማለፉ ነው። ካንትሪ ደግሞ የደቡብ ነጮች ሙዚቃ ነው ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ገባበት? ኩባንያው ፎቶውን ደብቆ ነው ዘፈኑን ያወጣለት የሚል ነገርም አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ሰው ሲያውቅስ ምን ተፈጠረ? የምታውቁ እባካችሁ በሁለት መስመር አትመልሱልኝ። ሕይወቱን ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ኪሩቤል_ቢ

እውነት ነው፣ ደብቀውታል። አርሲኤ የሚባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ነጠላ ዜማ በ1966 ሲያወጣ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ፎቶ አልላከም። ስሙንም «ካንትሪ ቻርሊ ፕራይድ» ብለው ነው የጻፉት። የሬዲዮ ሰዎች ነጭ መስሏቸው አጫወቱት። መልኩ ሲታወቅ ሰው ዘፈኑን ወድዶት ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ የኩባንያ ብልሃት።

ባለ18ጎማ

ኪሩቤል ወንድሜ፣ ፎቶው መደበቁ እውነት ነው። «ነገሩ ይኸው ነው» የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም። ፎቶ መደበቅ ለሬዲዮ ይሠራል። መድረክ ላይ ምን ይደበቃል? ይህን ሰው ኮከብ ያደረገችው ከመጋረጃው ጀርባ ተነስቶ ማይክሮፎኑ ጋ እስኪደርስ ያለችው አጭር መንገድ ናት። እሷን ደግሞ ብቻውን ነው የሄዳት።

እኔ ዳላስ ነው የምኖረው፣ ትራክ ነጂ ነኝ። የቻርሊ ፕራይድ ድምፅ የሌሊት መንገድ ጓደኛዬ ከሆነ ቆይቷል። እህቴ ሰሊ፣ ዘርዘር ይደረግልኝ ስላልሽ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ማርች 18 ቀን 1934 ሚሲሲፒ ውስጥ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ በእኩል የሚያርሱ የጥጥ ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱ የሰው፣ ጉልበቱ የእነሱ። ልጆቹ አሥራ አንድ ሲሆኑ እሱ አራተኛው ነው። ቤታቸው ውስጥ ፊልኮ ሬዲዮ ነበረች። አባትየው ቅዳሜ ማታ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ከሆነችው ከናሽቪል ከተማ የሚተላለፈውን ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለውን የካንትሪ የመድረክ ዝግጅት አያሳልፉም። ልጁ በዚያች ሬዲዮ የካንትሪ ኮከቦቹን ሃንክ ዊሊያምስን፣ ሮይ አኩፍን፣ ኧርነስት ተብን እየሰማ አደገ። በ14 ዓመቱ ጊታር ገዛ። ያስተማረው የለም፣ ከሬዲዮ የሰማውን እየመሰለ ነው የለመደው። ስለዚህ «ጥቁር ሆኖ ለምን ካንትሪ ዘፈነ?» ለሚሉት መልሱ ቀላል ነው። አባቱ ቤት የሚሰማው ሙዚቃ ይኸው ነበር። ከማንም አልተዋሰውም።

ሕልሙ ግን ዘፈን አልነበረም፣ ቤዝቦል ነበር። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 የነጮች ብቻ በነበረው ትልቁ ሊግ ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ ያ ልጅ ከጥጥ እርሻው መውጫ በር ተከፈተልኝ አለ። ኳስ ወርዋሪ ሆኖ የጥቁሮች ሊግ ውስጥ ለሜምፊስ ሬድ ሶክስ ተጫወተ። ከዚያ ያንኪስ ከሚባለው ትልቅ የቤዝቦል ቡድን ታናናሽ ቡድኖች በአንዱ እየተጫወተ ሳለ ክንዱን ተጎዳ። እንደ ድሮው መወርወር አቃተው። አንዴማ ሉዊቪል ክሊፐርስ የሚባለው ቡድን እሱንና ጄሲ ሚቸል የተባለ ጓደኛውን ለበርሚንግሃም ብላክ ባሮንስ አሳልፎ ሰጣቸው። በምትካቸው የተቀበለው ያገለገለ አውቶቡስ ነው። ሁለት ሰው ለአንድ አሮጌ አውቶቡስ! እሱ ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነበር። እኔን ግን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

በ1956 ሮዚንን አገባ። በዚያው ዓመት ወታደር ቤት ተጠራ። ከወታደር ቤት ወጥቶ እንደገና ኳስ ሲያሳድድ በ1960 ሞንታና ደረሰ። እዚያም ቡድኑ ወዲያው አሰናበተው። ኢስት ሄሌና የምትባል ከተማ ውስጥ አሳርኮ የሚባል ኩባንያ የእርሳስ ማዕድን ማቅለጫ ነበረው። ማቅለጫው የራሱ የቤዝቦል ቡድን አለው። ጎበዝ ተጫዋች ከሆንክ ሥራም ይሰጥሃል። ቻርሊ እዚያ ተቀጠረ። ምድጃው አጠገብ እሳት እየገረፈው ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ ኳስ ይጫወታል፣ ማታ መጠጥ ቤት ይዘፍናል። የቡድኑ ኃላፊ ድምፁን ሲሰማ ከጨዋታ በፊት 15 ደቂቃ ዝፈንልን ብሎ 10 ዶላር ጨመረለት። ተመልካቹም በዛ።

ኢስት ሄሌናን ጭነት ይዤ አልፌባታለሁ። የማቅለጫው ጭስ ማውጫዎች በ2009 ስለፈረሱ ዛሬ የሉም። መንገዱ ዳር ግን ጥቁር ኮረብታ ይታያል። ሣር የለበትም፣ ዛፍ የለበትም። የማዕድኑ ጥራጊ ነው። እርሳሱ ተለይቶ ሲወሰድ የቀረውን ቅላጭ በየቀኑ እየደፉ የከመሩት ነው። ትራኩን ጥግ አስይዤ አየሁት። ያ ልስልስ ድምፅ እንዲህ ካለ ሥራ ውሎ ነበር ማታ ማታ የሚወጣው። ያን ካየሁ በኋላ ዘፈኖቹን የምሰማበት ጆሮ ተለወጠ።

በ1962 ሬድ ሶቫይንና ሬድ ፎሊ የሚባሉ የካንትሪ ዘፋኞች ለኮንሰርት ወደ ሄሌና መጡ። ሲዘፍን ሰሙትና ናሽቪል ና አሉት። እሱ ግን ኳሱን አልተወም። በ1963 ሜትስ የሚባለው ቡድን ይሞክረኝ ብሎ ፍሎሪዳ ድረስ ሄደ። ዞር ብለው ሳያዩት መለሱት። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን በናሽቪል በኩል አደረገና ጃክ ጆንሰን ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ። ጆንሰን ድምፁን ቀርጾ አስቀረ፣ ማናጀሩም ሆነ። ቻርሊም ወደ ማቅለጫው ምድጃ ተመለሰ። ስልክ እስኪደወል ሁለት ዓመት ያህል አለፈ።

ከዚያ ጃክ ክሌመንት የሚባል ፕሮዲውሰር ሁለት ዘፈን አስቀረጸው። ቀረጻውን ናሽቪል ውስጥ የአርሲኤ ኃላፊ ለነበረው ለጊታሪስቱ ለቼት አትኪንስ ሰጠው። አትኪንስ ለኩባንያው አለቆች መጀመሪያ ድምፁን ብቻ አሰማቸው። ወደዱት። ማንነቱን የነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው። አስፈረሙት፣ ሸክላው ያለ ፎቶ ወጣ። ኪሩቤል ያልከው ይኼኛውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1966 ዲትሮይት ኦሊምፒያ በሚባለው አዳራሽ ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ። አሥር ሺህ ያህል ሰው አለ። አስተዋዋቂው ስሙን ሲጠራ ዘፈኑን በሬዲዮ የሚያውቀው ሕዝብ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ቻርሊ ከጀርባ ብቅ አለ። ጭብጨባው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። አሥር ሺህ ሰው ዝም አለ። አስቢው እስቲ። ጊታርሽን አንግተሽ ገና ማይክሮፎኑ ጋ አልደረስሽም።

ምን አለ መሰለሽ? በዚህ ቋሚ የፀሐይ ጥቁረቴ ካንትሪ ልዘፍንላችሁ መምጣቴ እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ አላቸው። ከዚያ ቀጠለ። መድረኩ ላይ ያለኝ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሦስት ነጠላ ዜማ አለኝ፣ እነሱን እዘፍናለሁ፣ የሃንክ ዊሊያምስንም እጨምርላችኋለሁ፣ ስለ ቆዳ ቀለም የምናወራበት ጊዜ የለንም አለ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ዘፈነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በየሄደበት ከተማ እንዲህ እያደረገ የሕዝቡን ድንጋጤ ያረግብ ነበር። ይህን የትኛውም ኩባንያ ሊያደርግለት አይችልም። ድምፁ በሩን አንኳኳለት እንጂ የገባው በገዛ እግሩ ነው።

የቀረው ቶሎ ቶሎ ነው የሆነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1967 ኦፕሪ መድረክ ላይ ወጣ። አስተዋውቆ ያስገባው ኧርነስት ተብ ነው፣ ያ በልጅነቱ በፊልኮዋ ይሰማው የነበረው። በ1969 ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በ1971 «ኪስ አን ኤንጅል ጉድ ሞርኒን» የሚለው ዘፈኑ ወጣ፣ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርም የዓመቱ ምርጥ አርቲስት አለው። በጠቅላላው 29 ዘፈኖቹ ቢልቦርድ የሚባለውን መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ መርተዋል። በአርሲኤ ታሪክ በሸክላ ሽያጭ ከኤልቪስ ፕሬስሊ ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነው።

ፍቅርተ_ሀ

ጋሼ ባለ18ጎማ፣ ሲያወሩ ያምርብዎታል። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ዓመት አየርላንድ ኖሬያለሁ። እዚያ ቻርሊ ፕራይድ የራሳቸው ሰው ነው። በ1976 ካቶሊክና ፕሮቴስታንት እየተጋጩ በሰሜን አየርላንድዋ ቤልፋስት ላይ ቦምብ በሚፈነዳበት ዘመን የውጭ ዘፋኞች ከተማዋን ሲሸሹ እሱ መጥቶ ሪትዝ በሚባለው ሲኒማ ቤት ዘፈነ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ አዳራሽ ገብቶ አብሮ ነው ያዜመው። «ክሪስታል ሻንደሊየርስ» የምትለዋ ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ ነጠላ ሆና እንኳ አልወጣችም። አየርላንድ ግን ሠርግ ላይ ስትጀመር ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ዳግም_መ

ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያኔ እኮ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ዘመን ነው። ሌሎች ጥቁር አርቲስቶች በግልጽ ሲታገሉ ይህ ሰው ነጮቹን እያሳቀ ያልፋል። ስለ ቆዳ ቀለም የምናወራበት ጊዜ የለንም ማለት ለእኔ ጀግንነት ሳይሆን መሸሽ ነው። ደግሞስ ከእሱ በኋላ ስንት ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ ወጣ?

ባለ18ጎማ

ፍቅርተ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቤልፋስቱን አንብቤዋለሁ፣ የሠርጉን ግን ካንቺ ነው የሰማሁት።

ዳግም፣ ጥያቄህ የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛውን ልቅደም፣ እሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነህ። ቻርሊ ሰንጠረዡን ለመጨረሻ ጊዜ የመራው በ1983 ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥቁር ዘፋኝ ብቻውን ዘፍኖ የካንትሪ አንደኛ እስኪሆን 25 ዓመት ፈጀ። በ2008 ዳሪየስ ራከር ነው ያደረገው። ኦፕሪንም ተመልከት። ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ገና ከጅምሩ ከኦፕሪ ኮከቦች አንዱ ነበር፣ በ1941 አሰናበቱት። ከእሱ ቀጥሎ ቻርሊ አባል የሆነው በ1993 ነው። ሦስተኛው ራከር፣ በ2012። ናሽቪል አንድ ሰው አስገብታ «ይኸው ጥቁር አለን» እያለች ሌሎቹን ውጪ አቆመች። ይህ ግን የናሽቪል ዕዳ ነው። ከቻርሊ ትከሻ ላይ አትጫነው።

መሸሽ የምትለውን ግን አልቀበልህም። የሚሸሽ ሰው ወደሚያስፈራው ቤት አይሄድም። ናሽቪል ውስጥ ፌሮን ያንግ የሚባል አፉ የማይያዝ ኮከብ ነበር። ከእሱ ተጠንቀቅ፣ ክፉ ቃል ይናገርሃል እያሉ አስፈራሩት። ቻርሊ ምን አደረገ? ራሱ ፈልጎት ሄደ። አንዱ ሲዘፍን ሌላው ሲቀበል አመሹ። ፌሮን ከዚያ ወዲህ ወዳጁ ሆነ። ቻርሊ መፈክር አልያዘም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጥቁር ሰው በማይጠበቅበት አዳራሽ ሁሉ በየምሽቱ ፊት ለፊት ቆሟል። በ1960ዎቹ ደቡብ እንዲህ ብሎ መቆም በራሱ ነፍስን አስይዞ ነው። «መጀመሪያ የመጣሁት ልዘፍን ነው» የማለት መብትስ የለውም? ነጭ ዘፋኝ ስለ ዘሩ ተጠይቆ አያውቅም። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን በየቃለ መጠይቁ ሲጠየቅ ኖረ። የሰለቸው ቢመስልም አይገርመኝም።

ነገሩ ሳያቆስለው አለፈም አልልህም። በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለዓመታት ከባድ የአእምሮ ሕመም ይዞት እንደነበረ፣ ስሜቱ አንዴ ከሰማይ በላይ አንዴ ከምድር በታች እያደረገ ይጥለው እንደነበረ፣ መድኃኒት ይወስድ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። በዚያ ትውልድ ይህን በአደባባይ የሚናገር ወንድ ጥቂት ነው። መድረክ ላይ የምናየው ፈገግታ በነጻ የመጣ አይደለም። ለእኔ ይህን መናገሩ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

ሰሊ_ዜማ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዲትሮይት ላይ ሲደርሱ እንባዬ መጣ። ዳላስ ነው የምኖረው ስላሉ ልጠይቅዎት። እሱም ዳላስ ኖሯል የሚባለው እውነት ነው? መጨረሻውስ እንዴት ሆነ? እንደ እኔ አዲስ ለሆነ ሰውስ ከየትኛው አልበም ቢጀምር ይመክሩታል?

ባለ18ጎማ

አዎ ሰሊ፣ ከ1969 ጀምሮ እስኪሞት ዳላስ ነው የኖረው። ናሽቪል ሄዶ አልሰፈረም። ኳሷንም አልተዋትም። ቴክሳስ ሬንጀርስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን በየዓመቱ የፀደይ ልምምድ ሲጀምር የቡድኑን ልብስ ለብሶ ከወጣቶቹ ጋር ሜዳ ይገባ ነበር። በ2010 ደግሞ ቡድኑን ከገዙት ባለሀብቶች አንዱ ሆነ። በአሮጌ አውቶቡስ የተለወጠው ልጅ የቡድን ባለድርሻ ሆነ ማለት ነው። ይህቺ የሕይወቱ ክፍል እኔን በጣም ነው የምታስደስተኝ። ሮዚንም እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች፣ 64 ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። የገንዘቡንም የሥራውንም ጉዳይ ስትከታተል የኖረችው እሷ ናት።

ኖቬምበር 11 ቀን 2020 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሽልማት ሰጠው። ናሽቪል መድረክ ላይ ወጥቶ «ኪስ አን ኤንጅልን» ጂሚ አለን ከሚባል ወጣት ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ ጋር ዘፈነ። ከአንድ ወር በኋላ ዲሴምበር 12 ቀን እዚሁ ዳላስ ውስጥ በኮቪድ ሞተ። 86 ዓመቱ ነበር። ያን ሰሞን ከተማው ዝግ ስለነበር ወጥቶ ለመሸኘት እንኳ አልተመቸም። እስካሁን ይቆጨኛል።

አልበም ላልሽው፣ የምርጦች ስብስብ ከሚባሉት አትጀምሪ። «ኢን ፐርሰን» የሚለውን ፈልጊ። ከዳላስ ጎረቤት ፎርት ዎርዝ፣ ፓንተር ሆል በሚባል አዳራሽ ሕዝብ ፊት የተቀዳ ነው፣ በ1969 ወጣ። መሃል ላይ «ዳያሎግ» የምትል ክፍል አለች። ዘፈን አይደለችም፣ ከሕዝቡ ጋር ሲያወራ ነው። አትዝለያት። እንዴት እንደሚያረጋጋቸው በጆሮሽ ትሰሚያለሽ። የፍቅርተ «ክሪስታል ሻንደሊየርስም» እዚያው ላይ አለች። «ካው ላይጋ» የምትለዋ የሃንክ ዊሊያምስ ዘፈንም አለችበት፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚሆን ልብ በይ። ከዚያ «ሲክስ ዴይስ ኦን ዘ ሮድ» ስትመጣ ድምፁን ከፍ አድርጊ። የእኛ የትራክ ነጂዎች ዘፈን ናት። ከእሱ በፊት በ1963 ያስወደዳት ዴቭ ደድሊ ነው። የሁለቱንም አስከትለሽ ስሚና የትኛው እንደሚሻል ጻፊልኝ። እኔ ለቻርሊ አዳላለሁ።